የፈረስ ሜዳው ሪከርድ

እንደሻው ቁመቱን ሲጠየቅ "አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሚሊ ሜትር" ነው የሚለው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሰውየውም አብሮ የሚረዝም ይመስል። አንድ ሜትር ከስልሳ ብሎ መገላገል ማንን ገደለ? የጨፌ ጉራቻ ሰው ግን በዚህ በኩል አይታማም፤ ሜትሩን ለራሱ ትቶለት "አቶ ሚሊ" የሚል ስም አወጣለት። ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

ጨፌ ጉራቻ ከሳጉሬ በላይ ዳገቱ ሲያልቅ የምትገኝ ከተማ ናት። ከተማ የተባለችው ከንቲባ ስላላት ነው። እንደሻው እዚያ አስራ አንድ ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሯል። ያስተማረው ልጆቹን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ገበያ ይወጣና ገብስ በጣሳ የምትሰፍር ሴት ፊት ቆሞ "ጣሳ ዕቃ እንጂ መለኪያ አይደለም" ይላል። አንዱ ገበሬ ሌላውን "ዘንድሮ ስንት ጥማድ ዘራህ?" ብሎ ሲጠይቅና "ሦስት" የሚል መልስ ሲሰማ፣ መሃላቸው ገብቶ "መሬቱን የለካው በሬው ነው ወይስ አንተ? ዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት ሄክታር በል" ብሎ ያርማል። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ለሟቹ አራት ክንድ መቃብር ተቆፈረ ሲባል "ሁለት ሜትር ገደማ" ያለ ሰው ነው። ሟቹ አልተቃወሙትም።

ሰው ይስቅበታል፤ ያከብረዋልም። ቁጥር የሚያውቅ ሰው የሚፈራበት አገር ነው። ከኮት ኪሱ የማትለይ አምስት ሜትር የምትዘረጋ የብረት ሜትር አለችው። ሲያወራ ጠቅ እያደረገ ይመዛታል፣ ይመልሳታል። ሲለካባት ግን ያየው የለም። ለምን ቢሉት "ሜትር የተሠራችው ሒሳብ ለማያውቅ ሰው ነው" ይላል።

የከተማው የስፖርት ኃላፊ ያደረጉትም በዚሁ ቁጥሩ ነው እንጂ ስፖርት ያውቃል ተብሎ አይደለም፤ ሮጦ የታየው አንዴ ብቻ፣ ያውም ውሻ አባርሮት ነው። "ስፖርት ማለት ቁጥር ነው" ብሎ ከንቲባውን ፍቅረማርያምን አስረዳቸው። ከንቲባው ቁጥር ሲሰሙ ራሳቸውን ስለሚያማቸው ቶሎ ሾሙትና ተገላገሉ።

ይህ ሁሉ እንደ ቀልድ ይታለፍ ነበር፣ ሐዊ ባትኖር። ሐዊ የባይሳ ልጅ ናት። ባይሳ ከከተማው በታች ስንዴና ድንች የሚያመርት፣ ንግግሩ አጭር፣ ጸሎቱ ረጅም የሆነ ጴንጤ ነው። ልጅቷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስትላክ ሮጣ ሄዳ ሮጣ ነው የምትመለሰው። የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አሰላ ካለው የሩጫ ማሰልጠኛ መግባት። ማሰልጠኛው አስራ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን አይቀበልም፤ ሐዊ ደግሞ አስራ ስምንቷን ልታገባድድ ነው። ዘንድሮ ካልገባች ቀረ ማለት ነው። የሚጠየቀው አምስት ሺህ ሜትርን ከአስራ ሰባት ደቂቃ በታች መሮጥ ነው፤ ይህንንም የአካባቢው የስፖርት ኃላፊ ለክቶ መመስከር አለበት። እዚያ ከሄደች በኋላ ደግሞ አሰልጣኞቹ ራሳቸው አስሩጠው ያዩዋታል። የአካባቢው የስፖርት ኃላፊ እንግዲህ አቶ ሚሊ ነው። አያድርስ።

ጨፌ ጉራቻ የሩጫ ትራክ የላትም። ያላት ፈረስ ሜዳ ነው። ድሮ ሽማግሌዎቹ ጉልበት ሳሉ ጉግስ የተጫወቱበት፣ የፈረስ ኮቴ ዳር ዳሩን እየዞረ ደልድሎ እንደ ሰፌድ ክብ ያደረገው ሜዳ ነው። የመሬት ለኪዎች በመሣሪያቸው ሲለኩት ልክ አንድ ሄክታር ወጣው። እንደሻው ይህን የሰማ ዕለት ባይሳንና ሐዊን ሜዳው ዳር ጠራቸው።

"አንድ ሄክታር ምንድን ነው?" አለ፣ የሰባተኛ ክፍል ድምፁን አውጥቶ።

አባትና ልጅ ሜዳውን አዩ።

"አስር ሺህ ሜትር ካሬ። መቶ ሜትር በመቶ ሜትር። አንዱ ጎን መቶ ከሆነ አራቱ ጎን አራት መቶ። የሩጫ ትራክ ዙሩ ስንት ነው? አራት መቶ ሜትር። እንግዲህ እግዜር ራሱ ለክቶ አስቀምጦልናል።"

"ጋሼ፣ በዚያች በኪስዎ ባለችው ሜትር ብናረጋግጠውስ?" አለች ሐዊ።

"በአምስት ሜትር አራት መቶ ሜትር ልለካ? ሰማንያ ጊዜ ላጎነብስ? የኔ ልጅ፣ መቁጠር የጀማሪ ነው፤ አዋቂ ያሰላል።"

"ጋሪዳ" አለ ባይሳ፤ ደግ ነው ማለቱ ነው። አስተማሪ መጠራጠር አልለመደበትም።

ከብት እንዳይገባበት ሜዳው ይታጠር ተባለና ከሁሴኖ ሱቅ አራት መቶ ሜትር እሾሃማ ሽቦ በከተማው ወጪ ተገዛ። ባይሳና ጎረቤቶቹ እንጨቱን ተከሉ፣ ሽቦውን አንድ ዙር አዞሩ። ዙሩ ሲገጥም ሽቦው ተረፈ። ትንሽ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ደህና ጎረምሳ ትከሻው ላይ የሚጥለው ጥቅል ነው የተረፈው። በዚህ ጊዜ አንድ ጤነኛ ሰው "ለምን ተረፈ?" ብሎ ይጠይቃል። እንደሻው ግን ከጥያቄው በፊት መልሱ የሚመጣለት ሰው ነው።

"ሁሴኖ ሲለካ ተሳስቶ አብልጦ ሰጥቶናል" አለ። "ነጋዴና ሜትር መቼ ተዋውቀው ያውቃሉ።"

ከዚያም የከተማ ንብረት ሜዳ ላይ ወድቆ ከሚዝግ ብሎ ጥቅሉን ቤቱ አስወሰደና የጓሮ ጎመኑን አጠረበት።

ሚስቱ ተሻለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አጥሩን አየችው። "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?"

"ትርፍ ነው። ሁሴኖ አብልጦ ሰጥቶ።"

"ሁሴኖ? አንዲት ምስማር ስትጎድል ሱቁን ዘግቶ የሚፈልገው ሁሴኖ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ" አለና ገባ። የጎረቤት ላም ከጎመኑ ስለራቀች ተሻለችም ነገሩን ተወችው።

ሐዊ ሰዓቷ የሚለካበት ቅዳሜ ደረሰ፤ ገበያተኛው ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። አምስት ሺህ ሜትር በአራት መቶ ሲካፈል አስራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ከባንዲራው ተነስታ አስራ ሁለት ጊዜ ትዞርና፣ ግማሽ ዙር ጨምራ ከባንዲራው ትይዩ የተወጠረውን ክር ትበጥሳለች። ሐዊ አጥሩን ተከትላ ሄደች፤ ስትሮጥ ማየት ያምራል። እንደሻው የሩጫ ሰዓቱን ይዞ በየዙሩ "ስልሳ ሰባት ሰከንድ" ይላል፣ በሚቀጥለውም "ስልሳ ሰባት"። ክሩን ስትበጥስ ሰዓቱ አስራ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰባት ሰከንድ ላይ ቆመ።

እንደሻው ስልኩን አውጥቶ የዓለም ሪከርድ ስንት እንደሆነ ፈለገ። ሲያገኘው ሁለቴ አነበበው። ሐዊ በልጣዋለች። እዚህ ላይም ጤነኛ ሰው ቢሆን፣ የድንች ገበሬ ልጅ በተቀደደ ሸራ ጫማ፣ የፈረስ ሜዳ ላይ፣ የዓለምን ሴት ሁሉ ቀደመች ማለት ነው ወይ ብሎ ሜትሩን ከኪሱ ይመዝ ነበር። እንደሻው አልመዘዘም። ከንቲባውም ይለካ አላሉም። ሰው የተመኘውን ነገር ማን ይለካዋል።

"ጋሼ" አለች ሐዊ፣ ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች፣ "ያን ያህል የሮጥኩ አልመሰለኝም። ገና እየሞቀኝ ነበር።"

"ታላላቆቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት" አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ከከተማዋ መግቢያ "እንኳን ወደ ዓለም ሪከርድ ከተማ በደህና መጡ" የሚል ባነር ተሰቀለ። አንዱ ሥጋ ቤቱን "13:57 ሥጋ ቤት" አለው። ከንቲባው በሬዲዮ ቀርበው ውጤቱ የአመራሩ ነው አሉ፤ ሐዊንም አመሰገኑ፣ ስሟን ተሳስተው። እንደሻው መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይልለት ጀመር። አቶ ሚሊ መባሉ ቀርቶ ጋሼ ሪከርድ ተባለ። ያን ሰሞን ቁመቱ ራሱ የጨመረ ይመስል ነበር።

የማሰልጠኛው ምዝገባ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሐዊን ይዟት አሰላ ወረደ። ትራኩ ቀይ ነው፣ መስመሩ ነጭ፣ የሚያሳሳ። ዋናዋ አሰልጣኝ አይናለም ትባላለች፤ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ለወሬ ጊዜ የሌላት ሴት። እንደሻው የጻፈውን ሰዓት አየች፣ ሐዊን አየች፣ እንደገና ሰዓቱን አየች።

"ሜዳውን ማን ለካው?"

"እኔው ነኝ። በሒሳብ" አለ እንደሻው።

"በሒሳብ?"

"በሒሳብ።"

"እስቲ ትሩጥ" አለች አይናለም።

ሐዊ ተነሳች። እንደሻው ማንም ሳይጠራው መስመሩ ዳር ሄዶ ሰዓቱን ይዞ ቆመ። የመጀመሪያውን ዙር በለመደችው ፍጥነት ሄዳ፣ ትንፋሿ ሳይዛባ ስታልፍ ሰዓቱን አየና ደነገጠ።

"ሰባ አምስት! ስምንት ሰከንድ ባክኗል፣ ምን ነካሽ!"

ሐዊ ግራ ገባት። እግሯ ልክ ነሽ ይላታል፣ ጋሼ ተሳስተሻል ይሏታል። እግር ዲፕሎማ የለውም፤ ጋሼን አመነች። ፈጠነች። በሁለተኛው ዙር "ሰባ አንድ፣ ጨምሪ" አላት፣ ጨመረች። በሦስተኛው "ስልሳ ዘጠኝ፣ ገና ነው" አላት፣ አሁንም ጨመረች። አይናለም ከማዶ "ተዋት፣ ሰውዬ" ብላ ብትጮህ የሚሰማት አላገኘችም። ስምንተኛው ዙር ላይ የሐዊ አንገት ወደ ኋላ ሄደ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ቀዩ ትራክ ላይ በእጇ ተደፋች። ተነስታ ጥቂት ተራመደችና ዳር ወጥታ ቁጭ አለች። ሳታለቅስ መዳፏን ታየዋለች፤ መዳፏ ተልጧል። ልብ ያለው ሰው ቢሆን እሷን አይቶ ሰዓቱን ይወረውር ነበር።

"የመጀመሪያው ዙር የራሷ ነበር" አለች አይናለም መጥታ። "እንደዚያው ብትሄድ ተኝታ ታልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የሮጠችው የእርስዎን ነው። የሜዳችሁ ዙር አጭር ነው፣ አቶ እንደሻው።"

"የኛ አላጠረም። የናንተው ነው የረዘመው።"

አይናለም የሰማችውን አላመነችም። እንደሻው ግን የብረት ሜትሯን ከኪሱ መዘዘ፣ ኮቱን ሰብስቦ ተንበረከከና የማሰልጠኛውን ትራክ መለካት ጀመረ። አምስት ሜትር፣ ምልክት፣ አምስት ሜትር፣ ምልክት። ሰልጣኞቹ ከበው ያዩታል። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ስንት ላይ እንደነበር ጠፋበት። መቁጠር የጀማሪ ነው ብሎ የለ።

"ይስሙኝ" አለች አይናለም፣ ቆሞ ጉልበቱን ሲያራግፍ። "ሐሰተኛ ሰዓት ይዞ የመጣ ሯጭ ሁለት ዓመት ይታገዳል። ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ብትታገድ ዕድሜዋ አለፈ። ስህተቱ የመለኪያ ከሆነ የለካው ሰው እስከ ሰኞ እዚህ መጥቶ በአፉ ይናገር፤ ልጅቷን እንደገና አስሮጣታለሁ። ካልተናገረ ውሸቱ የሷ ይሆናል።"

ሚኒባስ ውስጥ ሐዊ መስኮቱን ይዛ ተጓዘች። ውጭ ኮምባይነር ስንዴውን አጭዶ የወጣበት ማሳ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ሳጉሬ ሲቃረቡ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ "ጋሼ፣ ውሸታም ተባልኩ እኮ" አለች።

"ሒሳብ አይዋሽም" አላት እንደሻው።

"እኔም አልዋሸሁም።"

እንደሻው ሜትሯን ከኪሱ መዘዘ፣ መለሳት። ለራሱ ግን አንድ ዘዴ መጣለት። ሁሴኖ ሽቦውን አብልጦ መስጠቱን ቢመሰክርለት፣ የሜዳው ዙር ያለጥርጥር አራት መቶ ነው። በማግስቱ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ሁሴኖን ከሱቁ ደጃፍ አገኘው።

"ያን ጊዜ ስትለካልኝ ስንት ሜትር አበለጥክ?"

"እኔ?" አለ ሁሴኖ። "እኔ መቼ ለካሁልህ? ሽቦው ከፋብሪካ ሲመጣ አንዱ ጥቅል መቶ ሜትር ነው። ማሰሪያው እንኳን ሳይፈታ አራት ጥቅል ሰጠሁህ። አላህ ያሳይህ፣ እኔ ነኝ ትርፍ የምሰጠው?"

እንደሻው ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። ጓሮ ገባ። የብረት ሜትሯን አውጥቶ የጎመኑን አጥር በሽቦው ላይ መለካት ጀመረ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ። እሾሁ ጣቱን እየወጋው ዙሩን ጨረሰ። አርባ ስድስት ሜትር። አራት መቶ ሲቀነስ አርባ ስድስት፣ ሦስት መቶ ሃምሳ አራት።

ያን ጊዜ ነው ሜዳው በዓይኑ የመጣበት። ክብ ነው። መቶ በመቶ የሚሆነው አራት ማዕዘኑ ሄክታር ነው እንጂ፣ ክቡ ሄክታር ያንኑ መሬት በአጭር አጥር ይይዛል፤ ጎጆ ክብ ሆኖ ሲሠራ ግድግዳው የሚቆጥበው በዚሁ ነው። አፈሩ ላይ በእንጨት ጫጫረ። የክብ ቁጥሩን ፓይን አስገባ፣ አባዛ፣ አካፈለ። መልሱ ሦስት መቶ ሃምሳ አራት መጣ፣ ልክ እንደ ሽቦው። ይህንን ነው አስራ አንድ ዓመት ያስተማረው። ይህንኑ የረሱ ልጆችን መዳፍ ነው በማስመሪያ ሲገርፍ የኖረው። የሐዊ የተላጠ መዳፍ ትዝ አለውና ጎመኑ መሃል ቁጭ አለ።

ተሻለች ቆሻሻ ልትደፋ ወጥታ አገኘችው። ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"እና ምን ትጠብቃለህ?" አለችው።

"ስሜስ? ከንቲባው አለ፣ ሬዲዮው አለ። ደግሞ ሽቦው የከተማ ነው፣ ሌባ ሊሉኝ ነው።"

"ስምህማ አቶ ሚሊ ነው" አለች ተሻለች። "ከሚሊ በታች ወዴት ትወርዳለህ? ልጅቷ ናት የምትወርድበት ያላት።"

ከዚያ ቆሻሻውን ደፋችና ጉጠት አምጥታ እግሩ ሥር ጣለችለት። ተሻለች ስትናደድ ብዙ አታወራም። እንደሻው ተነስቶ አጥሩን መፍታት ጀመረ።

ሰኞ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ ሐዊንና ባይሳን ይዞ ሚኒባስ ተሳፈረ። ረዳቱ ጥቅሉን ሲያይ "ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል፣ ሒሳቡ የአንድ ሰው ነው" ቢለው፣ ሳይከራከር ከፍሎ የማያውቀው እንደሻው ዝም ብሎ ከፈለ። ባይሳ መንገዱን ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ሐዊ የተላጠ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሽቦውን ታያለች። ነገሩ ገብቷታል፤ ምንም አላለችውም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ማሰልጠኛው ሲደርሱ ጥቅሉን ከአይናለም እግር ሥር አስቀመጠው። ሰልጣኞቹ ቆመዋል።

"የሜዳው ዙር አራት መቶ አይደለም፣ ሦስት መቶ ሃምሳ አራት ሜትር ነው" አለ። ድምፁ ቀጠነ። "ክብ መሆኑን ረስቼ ነው። ሜትር ኪሴ እያለ አልለካሁም። ሐዊ ያን ቀን የሮጠችው አምስት ሺህ ሳይሆን አራት ሺህ አራት መቶ ሃያ አምስት ሜትር ነው። እሷ አልዋሸችም። የተረፈው ሽቦ ይህ ነው፣ ወስጄ ጎመን ያጠርኩበትም እኔ ነኝ። ይህም በሚሊ ሜትር ሲሰላ…"

"በቃ" አለች አይናለም። "እዚያ ይቀመጡ። ሰዓቱን ለኔ ይስጡኝ።"

እንደሻው ሰዓቱን ሰጥቶ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሐዊ ስትነሳ ወደሱ አልዞረችም። በራሷ እግር ሄደች፣ ማንም ሳይጮህባት፣ ዙር በዙር እኩል። ስትጨርስ አይናለም ሰዓቱን አየች፣ ከንፈሯን ነከስ አደረገች፣ "አስራ አምስት ደቂቃ ከአርባ አራት" አለች። ከተጠየቀው ከደቂቃ በላይ ተርፏታል። "አልጋ አሳዩዋት" አለች አይናለም ለረዳቷ። ባይሳ መሬት ላይ ተደፍቶ አመሰገነ። እንደሻው ከድንጋዩ ሳይነሳ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ፤ አቧራ ነው እንዳይል ንፋስ አልነበረም።

አሁን፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጨፌ ጉራቻ ግን አልጠራም። እንደሻው ተመልሶ የሆነውን ሲናገር፣ ሰው የተቆጣው በመሳሳቱ አይደለም። ሽቦ መውሰዱንም ከቁም ነገር የቆጠረው የለም፤ ያልወሰደ ማን አለ። ሰው የተቆጣው በመናገሩ ነው። ስብሰባ ተጠራ።

"ሪከርዱ የሕዝብ ሀብት ነው" አሉ ከንቲባው ፍቅረማርያም። "አቶ እንደሻው ከኪሳቸው አውጥተው የሚጥሉት የግል ንብረታቸው አይደለም። በዓይናችን ያየነውን ሰዓት በሽቦ ሊያስተባብሉን ነው?"

ተጨበጨበ። አንዱ ተነስቶ አሰላዎች ቀንተውብን ነው አለ። ሌላው ያንኑ ሜዳ እንደገና እናስለካ ሲል "የማን ተላላኪ ነህ?" ብለው አስቀመጡት። የ13:57 ሥጋ ቤት ባለቤት ማስታወቂያውን ያስቀባሁበትን ማን ይከፍለኛል አለ፤ የሁሉም የልብ ጥያቄ እሱ ነበር። ባነሩ እንዳለ ይቆይ ተባለ። እንደሻው ከኃላፊነቱ ተነስቶ ወደ ሰባተኛ ክፍሉ ተመለሰ። ሽቦው ወደ ከተማው መጋዘን ገብቶ እየዛገ ነው። ጎመኑን የጎረቤት ላም በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው፤ ተሻለች ከደጃፏ ቆማ እያየች አላባረረቻትም።

ተሳስቶ ሳለ ሲነሱለት የነበሩት፣ እውነት ከተናገረ ወዲህ ሰላምታም ይነፍጉት ጀመር። ስሙም ወደ ቦታው ተመለሰ። አቶ ሚሊ ግን ገበያ ወጥቶ ሴቶቹን ማረም ትቷል። አንድ ቀን ገብስ ሊገዛ ሄዶ "ሁለት ጣሳ ስፈሪልኝ" ሲል የሰማች ሻጭ ሕመም መስሏት ለሚስቱ ላከች።

በዓመቱ፣ ዝናቡ አባርቶ ስንዴው ሲያሽት፣ ከተማዋ የሪከርዱን መታሰቢያ ሩጫ አዘጋጀች። ሐዊ ከማሰልጠኛ በእንግድነት ተጋበዘች። ከንቲባው ሪከርዱን ታሻሽለዋለች ብለው ለሬዲዮ ነግረው ጨርሰዋል። ፈረስ ሜዳው ሞልቶ ፈሰሰ። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ክሩ እንደ አምናው ከባንዲራው ትይዩ ተወጥሯል፣ ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ነው።

እንደሻው ከሕዝቡ ጋር አልነበረም። ሕዝቡ ክሩ ጋ ነው፤ እሱ ከማዶ፣ ከመነሻው ባንዲራ ትንሽ አለፍ ብሎ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሜዳውን በብረት ሜትሯ ሲለካ አርፍዷል፤ ጉልበቱ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። እግሩ ሥር መሬቱ ላይ አንዲት መስመር ጭሯል፤ ሐዊም ስታሟሙቅ መጥታ አይታታለች።

ሐዊ ተነሳች። ብቻዋን የምትሮጥ ያህል ሌሎቹን ጥላ ሄደች። አስራ ሁለት ዙር ተኩሉን ጨርሳ ክሩን በደረቷ ስትበጥስ ሜዳው አበደ። "አስራ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሁለት!" አለ ድምፅ ማጉያው። "የዓለም ሪከርድ ተሰብሯል!" ከንቲባው ዋንጫውን ታቅፈው ወደሷ ተንደረደሩ።

ሐዊ አልቆመችም። በከንቲባው ጎን አልፋ፣ የተበጠሰው ክር ወገቧ ላይ እንደተጠመጠመ፣ አጥሩን ይዛ ቀጠለች።

"ጨርሰሻል" አሏት ከኋላ። "ሐዊ፣ አልቋል እኮ" አሏት። አንዱ አልሰማችም አለ፣ ሌላው ደስታ ነው አለ። ከንቲባው ዋንጫውን ይዘው ጥቂት ተከትለዋት በትንፋሽ ማጣት ቆሙ። እሷ አንድ ዙር ሙሉ ዞረች። ክሩ ወደነበረበት ስትመለስ ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ፤ አሁንም አለፈችው። ባንዲራውን አለፈች። ከዚያም ጭቃ ያለበት ሱሪ ለብሶ ወደቆመው አጭር ሰውዬ መጥታ መሬት ላይ የተጫረችውን የእውነተኛው አምስት ሺህ ሜትር መስመር ረገጠችና ቆመች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

እንደሻው ሰዓቱን ተጫነው።

"ስንት ነው፣ ጋሼ?" አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

"አስራ አምስት ደቂቃ ከሃያ ዘጠኝ" አላት። ወደ ሰከንድም ወደ ምንም አልቀየረውም።

ሐዊ ሳቀች። የተበጠሰውን ክር ከወገቧ ፈትታ ሰጠችውና ውሃ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው።